ያንን ወረቀት አይፈርሙ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ፣ የአልበርታ ደረቅ ብርድ ተስማማው ወይስ ከእኛ የባሕር ነፋስ ይብስበታል? ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንቅልፍዎ ተመለሰ? እህቴ ጄኔቪየቭ እንዴት ሰነበተች? ሕፃኑስ ዳዴ ማለት ጀመረ? እኔ ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ። ድካሙ ግን ተኝተው የሚነሡበት ዓይነት አይደለም።

ከሥራ የታገድኩበትን ምክንያት ከእኔው ይስሙ። በሰባት ቀኑ ፈረቃዬ ስድስተኛ ቀን ጠዋት፣ አቶ ፌርናንን በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ስንወስድ መንገድ ላይ ሞቱብን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወይዘሮ ጊሌን ራሳቸውን ስተው ወደቁ ተብለን ተጠራን። መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ምን እንዳዞረኝ ሳላውቅ ሄጄ የአቶ ፌርናንን በር አንኳኳሁ። ሚስታቸው ከፈቱልኝ፤ አምቡላንሱን አዩና፣ "መለሳችሁልኝ?" አሉኝ።

ስምንት ደቂቃ ጠፋ። ወይዘሮ ጊሌን ተርፈዋል፤ አንደበታቸው ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም። ጥፋቴን ራሴ ጽፌ አቀረብኩ። በስድስቱ ቀናት አንድም ጊዜ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳልቀሰቀስ እንዳልተኛሁም ጻፍኩ። አለቃዬ፣ "ቤትሽ ነበርሽ እኮ! ማን እንዳትተኚ ከለከለሽ?" ብሎ በቸልተኝነት አገደኝ። የድሮ ጓደኛዎ፣ የዛሬው የእኔ ባልደረባ ሬዣን፣ "ጌታው፣ ሌት ተቀን የሚጮኸውን የአምቡላንስ መጥሪያ አንድ ሳምንት ትራስዎ ሥር ያድርጉትና ከዚያ እንነጋገራለን" አለው። አለቃው አልሳቀም።

የሠራተኛ ማኅበራችን ድርጅቱን ከሷል። ሰባት ቀንና ሌሊት መጥሪያ ታጥቆ፣ ከአምቡላንሱ ከአምስት ደቂቃ በላይ ሳይርቁ መቀመጥ ዕረፍት አይባልም ነው የምንለው። ከረታን ፈረቃው ይለወጣል፣ እኔም ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ከተረታን "ቸልተኛ" የሚለው ቃል መዝገቤ ላይ ይቀራል፤ ከእንግዲህ አምቡላንስ አምኖ የሚሰጠኝ አይኖርም።

እርስዎ በዚሁ ፈረቃ ሃያ ስድስት ዓመት ያለ አንዳች ጥፋት መሥራትዎን የሚገልጽ ወረቀት፣ እንዲፈርሙበት የድርጅቱ ጠበቃ እንደላከልዎት ሰማሁ። "በእኛ ጊዜ ዕረፍት ብሎ የሚያለቅስ አልነበረም፤ ትምህርቱ ነው ያቀበጣት" ማለትዎንም ጄኔቪየቭ ነግራኛለች። ይበሉኝ፣ ግድ የለም። ግን አባባ፣ ድልድዩ አጠገብ የእርስዎ አምቡላንስ የተገለበጠ ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አጋዘን ዘሎ ገባብኝ አሉን። ትምህርት ቤት ስለዚያ አጋዘን ስንቴ ጉራዬን ነፋሁ! ባለፈው ወር ሬዣን፣ "የምን አጋዘን! አባትሽ መሪው ላይ እያንኮራፋ ነበር፤ እኔም ከጎኑ። አጋዘኑን የፈጠርነው ጎታች መኪና ስንጠብቅ ነው" አለኝ።

አላፈርኩብዎትም። አለቀስኩልዎት እንጂ። ሬዣን፣ "ጡረታዬ ሁለት ወር ቀረው፤ ምን ያመጣሉ?" ብሎ ሊመሰክር ቆርጧል። ወረቀትዎ ፍርድ ቤት ከቀረበ እኔም ስለ እርስዎ መጠየቄ አይቀርም። ከተጠየቅኩ አልዋሽም። አባቴን በሰው ፊት እንዳዋርድ አያድርጉኝ። ወይ ወረቀቱን ይቅደዱት፣ ወይ እውነቱን በራስዎ እጅ ይጻፉት። እኔ በጥፋቴ ላይ በገዛ እጄ ፈርሜያለሁ።

ጄኔቪየቭን ሰላም ይበሉልኝ፤ ወሬ አመላለስሽ ብለው እንዳይቆጧት። ባሏ ኮልተን በበረዶ ላይ ቀስ ብሎ ይንዳ። ትንሹን ኤሚልን ሁለቱንም ጉንጩን ይሳሙልኝ። ሬዣንም፣ "ሽማግሌው ሳልቀየመው ይደውልልኝ" ብሏል።

ልጅዎ ኖኤሚ
ላንስ-ግሪዝ፣ ጋስፔዚ
ኖቬምበር 9 ቀን 2019