ብሎኬት ያልሆነው ቤታችን

ለውድ ወንድሜ ለቶማ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ፣ ሱቅህስ፣ የደርባን ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? ያ የጀርባህ ሕመም ተሻለህ ወይስ ዛሬም ካርቶን ብቻህን ትሸከማለህ? እኛ በጌታ ቸርነት በሕይወት አለን፤ አባታችንም በአካላቸው ደህና ናቸው። የምጽፍልህን በስልክ ልነግርህ ጀምሬ ነበር፤ ድምፅህን ስሰማ አቃተኝ። ዘሩባቤል ወደ እናንተ ሲመጣ በእጁ ልኬልሃለሁና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው ወር ከማዘጋጃ ቤት ገማቾች ሜትር ይዘው ሰፈራችንን ቤት ለቤት ዞሩ። ለንብረት ግብር ነበር። አባታችን ግን ግምት የሚባለውን የሚያውቁት አስፋልቱ ሲሰፋ ነው፤ ያኔ የጎረቤታችንን የወይዘሮ ፈጠነችን ግቢ የለኩ ሰዎች ካሳ ነበር የሰጧቸው። ለእኛም ካሳ የመጣ መሰላቸው። እኔ ገበያ ነበርኩ። ቤታችን ከውጭ በሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም ስለተቀባ፣ ሰዎቹ ግድግዳው ምንድን ነው ብለው ቢጠይቋቸው ብሎኬት ነው አሏቸው። እነሱም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ቃል አምነው መዝግበው ሄዱ።

ግብሩ ሲነገረን ከአባታችን ጡረታ ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ማዘጋጃ ቤት ብሄድ ሐመልማል የምትባል ትዕግሥተኛ ልጅ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ግምቱ በቦታው፣ በስፋቱና ቤቱ በተሠራበት ነገር ነው፤ ጭቃ ቤት እንደ ብሎኬት አይቆጠርም፤ ቅሬታ ካላችሁ ቀኑ ሳያልፍ አመልክቱ፣ መጥተን እናያለን፤ ብቻ ባለቤቱ ራሳቸው ቆመው ያሳዩን አለችኝ። እኔ ሞኟ የምሥራች የያዝኩ መስሎኝ በባጃጅ ከነፍኩ። አባታችን ግን ቅሬታ አናቀርብም፣ ላሟን ሽጪና ክፈዪ አሉኝ። ጃጁ እንዴ ብዬ ተቆጣኋቸው። ያን ጊዜ ነው አልቅሰው እውነቱን የነገሩኝ።

ቶማ፣ ለቤት መሥሪያ ብለህ የላክኸው ሁሉ ያለቀው በእማዬ ሕክምና ነው። ከሰማ ሥራውን ጥሎ ይመጣል ብላ እንዳይነግሩህ ቃል ያስገባቻቸው እሷው ነች። እኔም ለቤት መላክህን ሳላውቅ በራሳቸው ቁጠባ ያሳከሟት መስሎኝ ነበር። እሷ ካረፈች በኋላም ጭቃው ፈርሶ ብሎኬት ቆመ፣ ክፍልህ ተዘጋጅቷል እያሉ ሲነግሩህ ኖረዋል። ካሳ ቢያገኙ አንተ ሳትመጣ ሠርተው ሊጨርሱት አስበው ነበር።

በማግሥቱ ግን ሳልጠራቸው ለብሰው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸውና አብረን ሄደን አመለከትን። ገማቾቹ ተመልሰው መጡ። አንደኛው የግድግዳውን ጥግ በመዶሻ ነካ ቢያደርገው ልስኑ ተላጠና ጭቃና ጭድ ወረደ። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ያያል። አባታችን ማንም ሳይጠይቃቸው ጮክ ብለው፣ «ብሎኬት አይደለም። ዋሽቻለሁ» አሉ።

ግብሩ ተቀነሰልን። እሳቸው ግን በዚያው ሳምንት ከሽምግልናው ወረዱ፤ እሑድ እሑድ ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ፣ ጸልዩ ሲባሉም እምቢ ብለው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። የተላጠውን ልለስነው ብል ተዪው አሉኝ። አዝኛለሁ ወንድሜ። አንተም ልትቆጣ ይገባሃል፤ እኔ ግን ልቆጣቸው ብሞክር አልሆነልኝም።

ወይዘሮ ፈጠነች ሰላም ብለውሃል፤ የላክህላቸውን ሻርፕ ከአንገታቸው አይለዩትም። ባለቤቴ ይልቃል በጣም ናፍቀኸዋል። ልጄ ሳሚ አጎቴ ኳሱን መቼ ነው የሚልክልኝ ይልሃል። በእናንተ በኩል ላሉት የሶዶ ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

የአባታችንን ሰላምታ ግን አልጻፍኩልህም። ምን ልበልልዎ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፤ «አሁን አትጻፊ። መጀመሪያ ያንብበው፤ ከዚያ የእኔን ሰላምታ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አሉኝ።

እህትህ ጥሩነሽ
ወላይታ ሶዶ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.