የሎውችካ ከበሮ

ለእህቴ ለአፖሌና፣ ቪየና።

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? ያ ጉልበትሽ ብርዱ ሲመጣ አሁንም ያስቸግርሻል ወይ? ባልሽ አሎይስስ፣ ለልብስ ስፌቱ ዓይኑ እሺ ይለዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የቀረኝ ጥርስ አራት ነው፣ ድምፄ ግን ሙሉ ነው። ይህን የምትጽፍልኝ ምራቴ ቦዤና ናት፤ ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ። ቃሌን ልታሳምረው ትሞክራለች፤ እኔም «ያልኩሽን ብቻ ጻፊ!» እላታለሁ።

መንደራችን ሎውችካ ከሆርኮቭ ከተማ ጋር በመቀላቀሏ ማዘንሽን ቦዤና አንብባልኛለች። አትዘኚ። አያታችን ሲነግሩን ሎውችካ ቤተ ጸሎት ሠርታ ደወል ስትሰቅል፣ ሆርኮቭ ገና ዳክዬ የሚዋኝበት ረግረግ ነበረች። ኋላ ባቡሩም የስኳር ፋብሪካውም ወደ እነሱ ሄደ፤ ቤታቸው እየተሳበ እየተሳበ መጥቶ የፕሪም ዛፋችንን ዋጠው። በመጨረሻ ድምፅ ተሰጠ፤ ስልሳ አንዱ ይሁን አለ፣ አርባው አይሁን አለ። እኔ ከአርባዎቹ ነኝ። ዛሬ የቧንቧ ውሃ ደጄ ድረስ መጥቷል። ድምፄን ነሥቻቸዋለሁ፤ ውሃውን ግን እጠጣለሁ።

እኔን የቆጨኝ ከበሮው ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት የመንደሩ ከበሮ መቺ ሆኜ፣ ሹሙ ያነበበልኝን በቃሌ ይዤ፣ አንዲት ቃል ሳላዛንፍ በየጥጉ ተናግሬያለሁ። የከተማው ሰዎች መጥተው ማኅተሙን፣ የእሳት ማጥፊያውን ጋሪና ከበሮዬን ይዘው ሄዱ። ፕሮኮፕ የሚባል ወጣት ጸሐፊያቸው «አባባ፣ ደክመዋል፣ ይረፉ። ከእንግዲህ ማስታወቂያ በወረቀት ይለጠፋል» አለኝ። እኔ ደክሜ? ከበሮዬን ጆሮው ሥር ብመታለት ባርኔጣው ይወልቅ ነበር። ቤቱ ግን ጠበበኝ፤ ከበሮ የምመታበት ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እጄን የማሳርፍበት አጣሁ።

በመስከረም አንድ ወረቀት ለጠፉ፤ የከብት ሐኪም ስለሚመጣ ሰኞ ጠዋት ላሞቻችሁን ወደ መስኩ አምጡ የሚል። ሁሉም አነበበው፤ እዚህ ማንበብ የማይችል እኔ ብቻ ነኝ። ግን ሎውችካ ውስጥ ከበሮ ያልተመታለት ነገር እንዳልተነገረ ነው። ሐኪሙ እስከ ቀትር ከዝይ ጋር ሲፋጠጥ ዋለ፤ አንዲት ላም አልመጣችለትም። ጎረቤታችን ማቶውሽ ሲጠየቅ «አንብቤዋለሁ፤ እስኪነገር እየጠበቅኩ ነው» አለ።

በማግስቱ ፕሮኮፕ ከበሮዬን ራሱ ተሸክሞ መጣ። «አባባ፣ እባክዎ፤ ሐኪሙ ነገ ይመለሳል» አለ። «መጀመሪያ ሁለት ጊዜ አንብብልኝ» አልኩት። አነበበ። «ሲጀምሩ ደግሞ፣ ‹የሆርኮቭ አራተኛ ሰፈር ነዋሪዎች› ብለው ይጥሩ» አለኝ። እሺ ብዬ እንዳለኝ ጀመርኩ። አንድ መስኮት አልተከፈተም። ማቶውሽ ከአጥሩ በላይ አንገቱን አስግጎ «አንተ ሽማግሌ፣ ማንን ነው የምትጠራው? እዚህ እንዲህ የሚባል ሰው የለም!» አለኝ። ፕሮኮፕን አየሁት፤ እሱ መሬት መሬቱን ያያል። እንደገና መታሁና «የሎውችካ ሰዎች፣ ስሙ!» አልኩ። መስኮቱ ሁሉ ብርግድ አለ። በነጋታው መስኩ በላም ተሞላ፤ ሐኪሙ ምሳውን የሚበላበት ጊዜ እንኳ አላገኘም።

ይኸው አሁን በየቅዳሜው ወረቀቱ ከከተማ ይመጣል፤ ቦዤና ታነባለች፣ እኔ እናገራለሁ። ፕሮኮፕ ስለ አጀማመሩ ዳግመኛ ቃል አልተነፈሰም። ትናንት እንዲያውም ለቅዱስ ማርቲን በዓል የዝይ እግር ጋበዝኩት፤ መብላቱንስ ይችልበታል።

ልጄ ሲልቬስትር እጅ ይነሣል። ቦዤና ትስምሻለች። ማቶውሽም «ላግባሽ ብላት እምቢ ብላኝ ቪየና የገባችውን ሰላም በልልኝ» ብሏል። አንቺም አሎይስን፣ ልጅሽን ሄርሚናንና መንትዮቿን ሳሚልኝ።

ለፋሲካ ነይ። የምትመጪበትን ቀን ግን አስቀድመሽ ጻፊልኝ፤ በየጥጉ መትቼ እናገረዋለሁ። ሳይነገር የመጣሽ እንደሆነ፣ ደጄ ላይ ብትቆሚም አልመጣሽም።

ወንድምሽ ቫቭርዢኔጽ
ሎውችካ፣ በቅዱስ ማርቲን በዓል ማግስት፣ 1924