ኦርቪል ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ

ፌብሩዋሪ 3፣ ሰኞ
በረዶ ጠረግኩ። ኢሜይል መለስኩ። ከሰዓት ሐኪሙ ደወለ... የልብ ቀዶ ጥገናው 24 ላይ ነው። ከዚያ ስድስት ሳምንት ሥራ የለም አለኝ።

የጻፍኩት ፕሮግራምስ? አሥራ ዘጠኝ መንደር የዕለቱ የአምቡላንስ ተረኛ ማን እንደሆነ የሚያውቀው በእሱ ነው። ፕሮግራሙን የያዘው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ቢወድቅ ማን ያስነሳዋል? እኔ ብቻ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኔ ብቻ! የማስነሻው መመሪያ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ጉድ ነው።

ፌብሩዋሪ 8
አራት ቀን አዲስ መመሪያ ጻፍኩ። አሥራ አራት ገጽ። ትንሽ ኮራሁ፣ ልዋሽ?

ፌብሩዋሪ 9፣ እሑድ
ጎረቤቴን ኦርቪልን ጠራሁት። ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ አምቡላንስ ይነዳል። ባዶ ላፕቶፕ ሰጠሁት፣ መመሪያዬን እያነበበ ፕሮግራሙን ከዜሮ እንዲያስነሳ። የሙያችን ሕግ ነው፦ የጻፈው ሰው ከኋላ ይቀመጣል፣ ትንፍሽ አይልም።

ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመ።

«የመረጃ ቋቱን በቀላሉ ክፈት ይላል። የትኛውን ቋት? ምንም የለም እኮ እዚህ።»

ወደ እኔ ዞረ።

«ለማን ነው የሚቀለው? ላንቺ? አንቺማ ታውቂዋለሽ! ለማን ብለሽ ጻፍሽው ታዲያ?»

ደሜ ፈላ። ከዚያ ገባኝ... የተረኞቹ ስም የሚቀመጥበትን የመረጃ ቋት እኔ የጫንኩት የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። መጫን እንዳለበት ራሱ ረስቼዋለሁ። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ አንዱ መንደር እዚህ መስመር ላይ ቢቆምስ? አፈርኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ኦርቪል።»
«ምን አደረግኩ? አልገባኝም ነው ያልኩሽ።»
«እሱን እኮ ነው የምልህ።»

ፌብሩዋሪ 16
ኦርቪል ለአራተኛ ጊዜ መጣ። «በቀላሉ» የሚለውን ሁሉ ሰርዣለሁ። ሃያ ሦስት ቦታ! ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በታች ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚመጣ፣ ካልመጣ ምን እንደሚደረግ ጻፍኩ። ዛሬ በሠላሳ አምስት ደቂቃ ጨረሰ፣ አንዴም ዞር ብሎ አላየኝም። ኪቦርዱን በኬክ ፍርፋሪ ሞላው። ይሙላው። የሱን ውለታ በምን እመልሳለሁ?

ፌብሩዋሪ 23
መመሪያውን ለአሥራ ዘጠኙም መንደር ኢንተርኔት ላይ አስቀመጥኩ። ቀዶ ጥገናው ነገ ነው። ፈራሁ።

ማርች 9
ተርፌያለሁ። ተመስገን።

ማርች 12
እህቴ አርዲስ ስልኬን ዛሬ መለሰችልኝ። ለካ ፌብሩዋሪ 27 ሰርቨሩ ወድቋል! እኔ ራሴን ሳላውቅ። ከሰሜን ጫፍ መንደር ኢንገር የምትባል፣ ስሟን ሰምቼ የማላውቅ ዳቦ ጋጋሪ መመሪያዬን ከፍታ በአርባ ደቂቃ አስነስታዋለች። በዚያው ቀን ምጥ ለያዛት ሴት አምቡላንስ ደርሷል። ወንድ ልጅ።

ለእኔ የተላከ ጥያቄ ፈለግኩ። አንድም የለም። ያለው ኢንገር ለመመሪያው የላከችው ማሻሻያ ብቻ፦ «ገጽ ስድስት ላይ አንድ እርምጃ ጎድሏል፣ ጨምሬዋለሁ።» አየሁት። እውነቷን ነው። ተቀበልኩ። ፕሮግራሙን አብረሽኝ ትይዣለሽ ወይ ብዬ ጻፍኩላት። ወዲያው መለሰች፦ «እሺ። ግን ዳቦው ከወጣ በኋላ።»

እንባዬ መጣ። አርዲስ ደንግጣ ነርስ ልትጠራ ተነሳች።

«አመመሽ እንዴ?»
«ኧረ አይደለም፣» አልኳት። «ሳልኖርም ሠራ።»