ዳቦው ስር ያለው ቀዳዳ

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ዛሬም እንደ ሁልጊዜው። ከመናኸሪያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዩኒቨርሲቲ መናኸሪያ። አንዷን ተማሪ "ይሄ ባጃጅ አስፋልት ሲነካ ይበራል፣ ቀበቶሽን እሰሪ" አልኳት። ቀበቶ ፈለገች እኮ! ከልቧ ፈለገች።

ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ካርቶን። እህቴ ወንጌላዊት ከዱባይ በሰው የላከችው። የዳቦ ማሽን ነው። እማ ዙሪያውን እየዞረች ታየዋለች።

"ምንድን ነው የሚሠራው?"

"ካልሲ ያጥባል።"

"ጆሲ!"

"እሺ... ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ ትከቺለታለሽ። ራሱ ያቦካል፣ ራሱ ይጋግራል።"

"ያቦካል? በምን እጁ?"

እንዲህ ብላ ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። ሐምሌ ላይ ስትሮክ ከመታት ጀምሮ እዚያው ውስጥ ነው የሚውለው። በሰፈሩ ሰርግም ይሁን ለቅሶ፣ ዳቦው የእማ፣ የብርቅዬ ነበር... አሁን እጇ ማንኪያ እንኳ አይዝላትም። የፊዚዮቴራፒዋ ልጅ ጨምቂው ብላ የሰጠቻትን የጎማ ኳስ "ሕፃን ነኝ እንዴ?" ብላ ሶፋ ስር ወርውራዋለች።

ወንጌላዊትስ ምን አስባ ነው የላከችው? ለእማ እጅ መግዛቷ ነው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

መመሪያው በአረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። ሁለቱንም እኩል አላውቅም። አሥረኛን ጨርሼ ቢሆን ኖሮ... ምን፣ አሥረኛ ክፍል ስለ ዳቦ አያስተምሩም። ሥዕሉን እያየሁ ከተትኩ።

ስልኬን ከማሽኑ ኋላ ደብቄ የቀዳሁትን ድምፅ ለቀቅኩት። "እህት ብርቅዬ... ዱቄት ጨምሪልኝ... እርቦኛል..."

እማ ዘወር አለች። አየችኝ። ወጣች።

ድሮ ቢሆን በማማሰያ እስከ በር ታባርረኝ ነበር። ያቺ እናቴ የት ሄደች?

መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ማሽኑ የት እንደደረሰ ረስቶ ከመጀመሪያው ጀመረ። የወጣውን ነገር ፊልሞን አየው፤ ተራ ላይ ከኋላዬ የሚሰለፈው ጓደኛዬ። "ዳገት ላይ ስትቆም ጎማ ስር አድርገው" አለኝ። አደረግኩት። ያዘ!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ተሳካ! ቅርጹ ካርቶን ይመስላል እንጂ ዳቦ ነው። ከስሩ ቀዳዳ አለው። ሊጡን የሚያዞረው ብረት ከታች ስለሚቆም፣ ዳቦው ሲወጣ ቦታው ክፍት ይቀራል። ጣት ያስገባል።

እማ ቀመሰች። "ይበላል" አለች። በቃ።

ግማሹን ለጎረቤታችን ለእትዬ ሙሉጌጥ በአጥር አቀበልኩ።

"ማን ጋገረው?"

"እማ።"

ለምን አልኩ? አፌ ነው... ቀድሞኝ ወጣ። እትዬ ሙሉጌጥ እልል አሉ።

"እጇ ዳነ?"

"እየዳነ ነው፣ እትዬ።"

ሳቄን አፍኜ ገባሁ። ሰው ማታለል እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ለእትዬ ሙሉጌጥ የተነገረ ወሬ ባጃጅ አይፈልግም፣ ራሱ ይሄዳል። ከሥራ ስመለስ ቤቱ በሴቶች ሞልቷል። "እንኳን ጌታ ማረሽ!" "ጌታ ታማኝ ነው!" እማ መሃላቸው ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን ይዛ... አላጋለጠችኝም። ይባስ ብለው እትዬ ሙሉጌጥ፣ "የቅዳሜው ጸሎት እኔ ቤት ነው፣ ዳቦው የብርቅዬ ነው!" አሉ። ተጨበጨበ።

ሰው ሲወጣ፣

"ለምን?"

"ቀልድ ነው እኮ እማ..."

"በእጄ ነው የምትቀልደው?"

የቀረውን በሲዳምኛ ጨረሰችው። እማ ወደ ሲዳምኛ ከገባች ነገሩ ከሯል ማለት ነው።

ሄጄ እውነቱን ልንገራቸው? ነገ። ወይ... ቅዳሜ ይለፍና።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

አልተናገርኩም። በማሽኑ ሁለት ዳቦ ጋግሬ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ሄድኩ። "እማ ትንሽ አሟት ነው" አልኩ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ታምሩ ጸለዩ። "ስለ እህታችን እጅ እናመሰግንሃለን" ሲሉ ሁሉም አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። እኔም!

የመጀመሪያው ዳቦ በሰላም ተቆረሰ። ሁለተኛው ላይ ቢላው ቀጭ አለ። ጋሽ ታምሩ ጣታቸውን ሰደዱና ብረቱን አወጡት። ሊጡን የሚያዞረው ብረት... ከዳቦው ጋር ተነቅሎ መጥቷል። አላየሁትም ነበር።

"ኢዮስያስ ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"...የማሽኑ ነው።"

"የምን ማሽን?"

አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ሰው ማሳቅ የኔ ሥራ ነው፤ ይሄን ሳቅ ግን አላውቀውም። እትዬ ሙሉጌጥ ብቻ አልሳቁም።

"ታዲያ እጇስ?" አሉኝ።

ብረቱን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

እሁድ፣ ኅዳር 14

እማ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። እትዬ ሙሉጌጥ ነግረዋታል። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

"ሳይድን ድኗል ካልክ፣ ሲድን ማን ያምነኛል?"

ሲድን አለች። ይድናል ብላ ትጠብቃለች እንዴ? እኔ እኮ... ስለ እጇ ቀልጃለሁ፣ ዋሽቻለሁ። ጠይቄያት ግን አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ቤቱ ዝም። እሷም፣ እኔም፣ ማሽኑም።

ምሳ ሰዓት ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄድኩ። ዓሣ የሚበልተው ልጅ "ምነው ዛሬ ዝም አልክ፣ ታመምክ እንዴ?" አለኝ። ከዓሣው ጋር የሱቅ ዳቦ ሰጡኝ። ገልብጬ ስሩን አየሁት። ቀዳዳ የለውም።

እኔ ለአንድ ቀን ዝም ስል ሰው ታመምክ ወይ ይለኛል። እማ ከሐምሌ ጀምሮ ዝም ስትል እኔ ምን አልኩ? ካልሲ ያጥባል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ዳቦ ስላልነበረ ማሽኑ ውስጥ ዱቄቱንም ውሃውንም ከትቼ፣ ልታጠብ ወጣሁ። ስመለስ እማ ክዳኑን ከፍታ ሊጡ ሲዞር ታያለች። ወደ እኔ ሳትዞር፣

"ይሄ ሊጥ ውሃ ጠምቶታል" አለች።

"መመሪያው ላይ እኮ..."

"አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መመሪያ የምታነበው? ጨምር። ቀስ! ቀስ አልኩህ! በቃ።"

ማሽኑ አሽቶ አሽቶ ቆመ። እማ በግራ እጇ ብርቱካን የምታክል ሊጥ ቆርሳ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። ቀኝ እጇን ከነጠላዋ አወጣች። ሊጧ ላይ አሳረፈችው።

"ይሞቃል" አለች።

ጣቶቿ ትንሽ ገቡ... ወይስ እኔ ነኝ ገቡ ያልኩት? ብዙ ቀልድ መጣልኝ። ሁሉንም ዋጥኩት።

"ምን ታየኛለህ? ዙር።"

ዞርኩ።

እሁድ፣ ኅዳር 28

ሊጥ መጭመቁ በየቀኑ ሆኗል። ማሽኑ ያሻል፣ እሷ የድርሻዋን ትወስዳለች። የጎማውን ኳስ ድመቷ ወርሳዋለች።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። በር ላይ ለእትዬ ሙሉጌጥ "አልዳነም። እየሞከርኩ ነው" ስትላቸው ሰማሁ። እጇ ከነጠላው ውጭ ነበር። እኔም ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

"አንተን ከእንግዲህ አሜን ስትል እንኳ አላምንህም" አሉኝ።

ምን እላለሁ? እውነታቸውን ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ጠዋት የባጃጁ ቁልፍ ጠፋ። ሱሪ ኪስ፣ ትራስ ስር፣ ጫማ ውስጥ... የለም። አብረን ልንወጣ የመጣው ፊልሞን ውጭ ክላክስ ይነፋል።

"እማ፣ ቁልፌን አይተሻል?"

"የቱን ቁልፍ?"

ፊቷ የሕፃን ፊት። ይሄን ፊት አውቀዋለሁ... የኔ ነው። ለካ ከሷ ነው የወረስኩት።

"ቁርስህን ሳትበላ አትወጣም።"

እየተበሳጨሁ ዳቦውን አነሳሁ። ቆረስኩ። ከስሩ፣ ቀዳዳው ውስጥ፣ ቁልፌ!

"ማነው የከተተው?"

ቀኝ እጇን ከፍ አደረገች። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ እየተንቀጠቀጡ ተገናኙ።

"ይቺ።"

ከዚያ ሳቀች። እንባዋ እስኪመጣ። እትዬ ሙሉጌጥ ከአጥር ማዶ "ምን ሆናችኋል?" አሉ።

"እትዬ! እማ በቀኝ እጇ ቁልፌን ዳቦ ውስጥ ደበቀችው!"

"ሂድ ወዲያ! አንተን ማን ያምንሃል!"

እማ ተነሳች። ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ በሁለት ጣቷ ያዘችውና ወደ አጥሩ ሄደች። ደጃፉ ላይ ወደቀባት። ላነሳላት ጎንበስ ስል፣

"ተወው" አለች።

ጠበቅኩ። አንዴ አመለጣት። ደግሞ አመለጣት። አነሳችው፣ በዚያችው እጅ።

ፊልሞን ክላክሱን አላቆመም። ይንፋ።