በመስታወቱ ላይ ያጣሁት ስም

ቅዳሜ፣ ግንቦት 10 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ቡሬ

ዛሬ እናቴን ይዤ ቤተ መዘክሩን ለማየት ሄድሁ። ሟቹ አባቴ ሲያርስ ያገኘው የድንጋይ መጥረቢያ እዚያ ነው ያለው። ብረት ያልነበራቸው የጥንት ሰዎች የጠረቡት ነው ይላሉ። አባቴ ለቤተ መዘክሩ ሰዎች የሰጣቸው ስምህ ይጻፋል ብለውት ነው።

ባጃጅ ውስጥ አፌ አላረፈም። «የማታ ትምህርት አንበሳ ልጅሽ ዛሬ የባልሽን ስም ያነብልሻል! ሾፌር፣ ከፈለግህ ታርጋህንም አነብልሃለሁ» ብዬ አሳቅኋቸው።

መጥረቢያው ያለበት መስታወት ጋ ስንደርስ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበብሁት። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደገምሁት። «የድንጋይ መጥረቢያ። ያገኘው ሰው፦ ያልታወቀ» ይላል።

«ምነው ቆየህ? ፊደሉ ጠፋብህ እንዴ?» አለችኝ እናቴ።

«ኧረ ከእኔ የት ይጠፋል! ‹ጎበዙ ገበሬ አቶ ታከለ ያገኙት› ይላል» አልኋት።

«ስሙ የቱ ጋ ነው? እስቲ ጣቴን አስነካኝ።»

ጣቷን ይዤ «ያልታወቀ» የሚለው ላይ አሳረፍሁት። ነጠላዋን አጣፍታ መስታወቱን እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተሳለመችው። እንባዋም ወረደ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

ስንመለስ ቀልድ አልመጣልኝም። እሷ ግን ደስ ብሏት፣ «የእህትህ ልጅ ዲያቆኑ ለሰኔ ሚካኤል ሲመጣ ወደ ቤተ መዘክሩ ይዤው እሄዳለሁ፤ እሱም ያንብብልኝ» አለች።

ያ ልጅ ደግሞ የተጻፈውን እንጂ ሌላ አያነብም።