አሥራ ሁለት ቀን ሲቀራቸው

ሰኞ፣ ሚያዝያ 10

ሥራ ያው ነው። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ “ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሦስቴ” ስል ዋልኩ። ቤት ስገባ አባዬ የቀን መቁጠሪያው ፊት ቆሞ በእርሳስ ይቆጥራል። ድመታችን ወይዘሮ ካረገዘች አርባ ቀን ሞላት። “ግንቦት አራት ትወልዳለች” አለኝ፣ አዋላጅ ሆኖ የኖረ ይመስል። የጎረቤታችንን ወንድ ድመት “አማቻችን” ነው የሚለው። “አማቻችን ዛሬም ብቅ አላለም፣ ባለጌ!” ሳቄ መጣ።

ወይዘሮ የእማዬ ድመት ነበረች። እማዬ ካረፈች ስምንት ወር ሆነ። አባዬ እስከዚህ ሰሞን ድረስ ከ“እህ” እና ከ“ተይኝ” ሌላ ቃል አልነበረውም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 13

አባዬ የእማዬን የልብስ ሳጥን ከፈተ። ራሱ! ከቀብሩ ወዲህ ነክቶት አያውቅም። ሰማያዊውን የሱፍ ሻል አውጥቶ ወይዘሮ የምትተኛበት ካርቶን ውስጥ ጠቅልሎ አነጠፈላት። “እንዳይበርዳት።”

ናፍታሊኑ ሸተተኝ። ልብሱን ብል እንዳይበላው ብዬ የጨመርኩት እኔ ነኝ። እሱ አይሸተውም፤ ሠላሳ ዓመት መኪና ቀለም ሲረጭ አፍንጫው ሞቷል። ልናገር ብዬ... ፊቱ ፈክቶ ነበር። ተውኩት። ምን ያመጣል?

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 18

ወይዘሮ መብላት ተወች። “እርጉዝ አይደለች? ታማርጣለች” ይላል አባዬ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 22

ወለደች። ገና በሃምሳ ሁለት ቀን...

ከሥራ ስመለስ አባዬን ወለሉ ላይ ተንበርክኮ አገኘሁት። አራት ናቸው። ሁለቱ ሞተው ነው የወጡት። ሦስተኛው አንዴ አፉን ከፈተ፣ በቃ። ፀጉር የሚባል የላቸውም፤ ደም ሥራቸው በቆዳቸው ሥር ይታያል። አንዷ ግን ትተነፍሳለች። ወይዘሮ አልላሰቻትም፣ ፊቷን አዙራ ተኛች።

የሰፈራችንን የእንስሳት ሐኪም ጠራናት። “ጡት ለመሳብ እንኳ አቅም የላትም። ተስፋ ባታደርጉ ይሻላል” አለች። “እኔ አደርጋለሁ” አላት አባዬ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 23

ወተት በጠብታ እየሰጠናት ነው። አባዬ ሸሚዙ ውስጥ ደረቱ ላይ አስተኝቷት ዋለ። ሽንት ቤት ሲሄድም ይዟት። ስስቅበት “ዝም በይ፣ ልጅ ተኝታለች” አለኝ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 24

ሞተች። ከሸሚዙ ለማውጣት እጁ እምቢ አለው። “እናትሽ በእጄ ላይ... እነዚህም በእጄ ላይ... ምን አጉድዬ ነው?”

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 25

ሻሉን ላጥበው ዘረጋሁት። እጥፋቱ ውስጥ የናፍታሊን ፍሬዎች፣ በጨርቅ ቁራጭ የተቋጠሩ። ቋጠሮው የኔ ነው።

ይዤው ወደ ሐኪሟ ሮጥኩ። “ለድመት መርዝ ነው። በዚህ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። እርግጡን ግን አላውቅም።”

ያውም መድኃኒት ቤት የምሠራ ሰው! “ሕፃናት ከማይደርሱበት ያስቀምጡ” እያልኩ የምውል!

ለአባዬ ብነግረው፣ ያነጠፈው እሱ ነው፤ አይችለውም። ዝም ብል ደግሞ “ምን አጉድዬ ነው” እንዳለ ሊኖር ነው። ምን ይሻለኛል?

ዓርብ፣ ሚያዝያ 28

አልነገርኩትም። እህል አፉ አይገባም። ወይዘሮን እየዳበሰ “ይቅር በይኝ” ሲላት ሰማሁ። ፈሪ ነኝ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 30

ነገርኩት።

ቁርስ ላይ ቋጠሮውን ፊቱ አስቀመጥኩ። “ሳጥኑ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ስታነጥፍላትም ሸቶኝ ዝም አልኩ።” አንስቶ አገላበጠው። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጣ በወደድኩ።

“ያነጠፍኩት እኮ እኔ ነኝ” አለ። ቆይቶ፣ “የእናትሽን ልብስ ብል እንዳይበላው ብለሽ ነው?”

“አዎ።”

ቋጠሮውን ጠረጴዛው ላይ መለሰው። “አንተስ” አልኩት፣ “እንዳይበርዳት ብለህ አይደል?”

ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እማዬን ስንቀብር አንዲት ዘለላ እንባ ያልወጣው ሰውዬ... ሻይው እስኪቀዘቅዝ አለቀሰ። እጁን ይዤ እኔም አለቀስኩ።

ሲበቃው ፊቱን በእጅጌው ጠረገና፣ እኔ እንዳልሰማው ትራሱን ነክሶ ሲያለቅስ እንደከረመ ነገረኝ። ስምንት ወር ሙሉ።

እኔም ከግድግዳው ወዲህ እንደዚያው ሳደርግ እንደከረምኩ ነገርኩት።