ጽፈሽ አምጪልኝ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1። ጠዋት 1፡20

አራብሳ፣ የታክሲ ወረፋ። ቆሜ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ ከተንጋደደ ጥፋቱ የኔ አይደለም። ደግሞ አንተ ብሎ ማስታወሻ! ቀለም ሻጭ ለቢሮው በነጻ ያደለው አጀንዳ። በየገጹ ግርጌ ውሃ ስለማያስገባ ቀለም ትለፈልፋለህ፣ እኔ ምስጢሬን አስይዝሃለሁ። ሌላ ስለሌለኝ ነው፣ እንዳትኮራ።

ዛሬ አለቃዬን፣ ጋሽ ታምሩን እጠይቃለሁ። ጣሊያን ላለው ት/ቤት፣ ለአርክቴክቸር ማስተርሱ፣ የድጋፍ ደብዳቤ። ሙሉ ስኮላርሺፕ ነው፤ ከተመረቁ አምስት ዓመት ላላለፋቸው ብቻ። እኔ ሐምሌ ላይ ይሞላኛል። ዘንድሮ ካልሆነ አለቀ።

እዚያው ቀን። 11፡00

ጠየቅኩ። አራት ዓመት የሠራሁለት ሰውዬ ከስልኩ ቀና እንኳን ሳይል "ጽፈሽ አምጪልኝ፣ እፈርማለሁ" አለኝ።

አውቄው ነበር። እዚህ አገር ማንም ስለ ማንም አይጽፍም። ባለጉዳዩ ስለ ራሱ ይጽፋል፣ ትልቅ ሰው ይፈርማል፣ ማህተም ያርፍበታል። ዩኒቨርሲቲም እንደዚሁ ነበር። ግን አናደደኝ። ስለ እኔ ሦስት ዓረፍተ ነገር ከራሱ ቢያወጣ ምን ይጎድልበት ነበር? ምናልባት ሦስት የለውም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3። ምሳ ሰዓት

ሰው ሁሉ በየአይነቱ ሊበላ ወጥቷል። እኔ በጋሽ ታምሩ አፍ ራሴን እያመሰገንኩ ነው። ያስጠላል። "ታታሪ ናት" ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩ። ታታሪ የሚባለው ሌላ የሚባልለት ነገር የሌለው ሰው ነው።

በመጨረሻ እውነቱን ጻፍኩ። ሌሎች አበላሽተው የሠሩትን ደረጃ ሳትጠየቅ አስተካክላ፣ ስሟን ሳትጠራ ወደ ቦታው ትመልሳለች።

የጎሮው ሕንጻ ነው። ደረጃውን የሠራው ኪሩቤል፤ ከጎኔ የሚቀመጠው፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ተክሎ የሚውለው። በእሱ ፕላን ወደ ሁለተኛ ፎቅ የሚወጣ ሰው ግንባሩን ከኮንክሪቱ ጋር ያጋጫል። ከደረጃው እስከ ጣሪያው አንድ ሜትር ከሰባ! ሕንጻው ለድንክ ነው እንዴ? ሦስት ቀን ከሥራ በኋላ እየቆየሁ አስተካከልኩት። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ጋሽ ታምሩ በሕንጻው ባለቤት ፊት የኪሩቤልን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገ። እኔ አጠገባቸው ፕላኑን ጠቅልዬ ይዤ ቆሜ ነበር።

ቅጹ የአመልካቹን ድክመትም ይጠይቃል። ብልጥ የሆነ ሰው "ለሥራ ከመጠን በላይ ይጨነቃል" ይላል። እኔ እንዲህ አልኩ፦ ያልተስማማችበትን ነገር ዝም ብላ ታልፋለች።

ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ጻፍኩት ግን።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7። 4፡00

ፈረመ። አላነበበውም። አንድ ገጽ ነው፣ የፈጀበት ጊዜ ብዕር ክዳን መክፈቻ ነው። አስቴር (ጸሐፊያችን፣ ኢሜይሉንም የምትይዝለት እሷ ናት) ማህተም መታችበት፣ ለት/ቤቱ ላከችው፣ ፋይሉን አስቀረች። መልካም ዕድል አለችኝ። በዚህ ቢሮ ከልቧ የምትናገር እሷ ብቻ ናት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 15። ማታ 3፡00

ስማ። ዛሬ የሆነውን ስማ።

ኪሩቤል ሻይ ልጋብዝሽ ብሎ አወጣኝ። እሱም አመልክቷል፣ እዚያው ት/ቤት፣ እዚያው ስኮላርሺፕ። ደብዳቤ አሳየኝ። የተፈረመ፣ ማህተም ያለው። ጋሽ ታምሩ፣ "ጽፈህ አምጣ" እንኳን ሳይለው፣ በጠየቀው ማግስት በአስቴር በኩል ሰጠው። ኪሩቤል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ሰውዬው ይሄን ያህል የሚያውቀኝ አይመስለኝም ነበር ፍሬ፣ በእናትሽ አንብቢው" አለኝ።

አነበብኩ። የኔ ደብዳቤ ነው። ኮማው ሳይቀር። በእንግሊዝኛ ስለሆነ "ሺ" የሚለውን ሁሉ "ሂ" አድርገውታል፤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አንዲት "ሺ" ተረስታለች። ኪሩቤል የታይፕ ስህተት መስሎታል። ሌሎች ያበላሹትን ደረጃ አስተካክሎ ስሙን ሳይጠራ ይመልሳል ይላል። ኪሩቤል! ደረጃውን ያበላሸው ኪሩቤል!

ድክመቱም ያው የኔ ነው። ዝም ብሎ ያልፋል። በሻይ ስኳር የሚጣላ ሰው።

ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? "ጥሩ ደብዳቤ ነው" አልኩት። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። የሚያናድደኝ ደግሞ ማዘኔ ነው። ያቺን የደረጃ ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይዟታል። እሱንም እስከ ዛሬ ያመሰገነው ሰው የለም ማለት ነው። አዘንኩለት፣ ስላዘንኩለትም ጠላሁት።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ዝም አይነቅዝም፣ ተይው፣ የደብዳቤ ነገር ማን ያያል አለች።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 22። 3፡15

አዩት።

ከት/ቤቱ ኢሜይል። ከአንድ ቢሮ ለሁለት አመልካቾች የመጡት ደብዳቤዎች ከስም በቀር አንድ ናቸው። እኔም ፈራሚውም በአምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እናስረዳ። ካልሆነ ማመልከቻው ይሰረዛል። ትሕትናቸው ራሱ ይቆርጣል። ኪሩቤልም ደርሶታል፤ ማዳመጫውን አውልቆ ግድግዳ እያየ ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 23። 6፡00

ሁለታችንም አለቃው ቢሮ ገባን። ጋሽ ታምሩ ሳቀ። ፈረንጅ ነገር ያካብዳል አለ። እኔ ሆን ብሎ ያደረገው እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ተንኮል ቢሆን፣ ዘመድ ቢሆን፣ ኪሩቤልን ከኔ አብልጦ ቢሆን። ጠላቴን ለይቼ አውቅ ነበር። ምንም አይደለም፤ ሌላ ደብዳቤ ማሰብ ደከመው፣ ያለውን ተጠቀመ። ሁለታችንም ለእሱ አንድ ነን።

መፍትሔም አለው። ጸሐፊዋ ፋይል አምታታች በሉ፣ የአስቴር ስህተት ነው በሉ። ሁለታችሁም ፈርሙበት። ከዚያ ምን አለ መሰለህ?

"ጽፋችሁ አምጡልኝ፣ እፈርማለሁ።"

እግዜር ያሳይህ።

9፡00

አስቴርን ጠየቅኳት። ስሙን ብቻ ቀይሪና አትሚለት ብሎ ያዘዛት እሱ ነው። የኔ ጽሑፍ መሆኑን አታውቅም ነበር፤ የጋሽ ታምሩ መስሏት ነበር። እሷም!

የቢሮው ደረጃ ላይ ለኪሩቤል እውነቱን ነገርኩት። እኔ ነኝ የጻፍኩት አልኩት። ታዲያ ደረጃውን ያበላሸው ማነው አለ። አየሁት። ገባው፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። ለአፍታ ሰው ሊሆን ነው ብዬ ነበር። ወዲያው ግን የአስቴሩን እንጻፍ፣ ወረቀት ላይ ነው፣ እሷ እንኳን አትሰማም፣ ለሁለታችንም ይበጃል አለ። እውነቱን ብንናገር ራስሽ ጽፈሽ ራስሽን እንዳመሰገንሽ ነው የሚያዩት፣ የምትወድቂው አንቺ ነሽ አለኝ። ልክ ነው። የሚያቃጥለኝም ልክ መሆኑ ነው።

ማታ፣ 1፡30

እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። የአስቴርን ነገር ስነግራት ቢላዋውን አስቀመጠች። መ/ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጸሐፊ ነበረች። አለቃ ቁጥር ሲሳሳት የታይፕ ስህተት፣ አለቃ ቀን ሲረሳ የታይፕ ስህተት። ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል። ማስጠንቀቂያውን ራሷ ናት የተየበችው፤ ጸሐፊ እሷ ስለሆነች። ይሄን በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ዝም።

ዝም አይነቅዝም ስትዪኝ ነበር እኮ አልኳት። ሽንኩርቱን መክተፍ ቀጠለች። "ይነቅዛል" አለች።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 25። ጠዋት 1፡40

ታክሲ ውስጥ፣ ጎሮ። ሕንጻው ጋ መንገድ ተዘጋግቷል። ኮንክሪቱ ከተሞላ ቆየ፤ አንድ ረጅም ሠራተኛ የሲሚንቶ ከረጢት ተሸክሞ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣ። ከረጢቱም ጣሪያውን አልነካም፣ ጭንቅላቱም። ደስ አለኝ። በዚህ ወር ደስ ያለኝ ይሄ ብቻ ነው።

5፡20

ኪሩቤል የአስቴሩን ጽፎ ጨርሷል። ፊርማውን አሳርፎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው፤ ለኔ ባዶ መስመር ትቶልኛል። አስቴር ወዲያ ማዶ ተቀምጣ ስቴፕለር ትሞላለች።

ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባው ላይ የራሴን አረቀቅኩ። እንዲህ ነው ያልኩት፦

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አለቃዬ ሳያነበው ፈረመ፤ ኋላ በሌላ ሰው ስም እንዲታተም አዘዘ። ጸሐፊዋ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። ደረጃውን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ ከመስተካከሉ በፊት የነበረውንና የተስተካከለውን ፕላን አያይዣለሁ። እኛ ዘንድ የተለመደው እንዲህ ነው፤ በእናንተ ደንብ የሚያስጥል ከሆነ ጣሉኝ። ደብዳቤው ውስጥ ግን አንድ ስህተት አለና እንዲታረም እጠይቃለሁ። ስለ ድክመቷ የተጻፈው መስመር ይሰረዝልኝ።

6፡05

ላክሁት። ይጥሉኝ ይሆናል። ይጣሉኝ።

ጋሽ ታምሩ ከውስጥ እየተጣራ ነው፣ ፍሬ፣ ጻፋችሁ ወይ እያለ። ጽፌያለሁ። አንድ ኮፒ አትሜለታለሁ፣ ከሥሩ የሚፈርምበት ቦታ ትቼለት። ሳያነብ ከፈረመ እንደ ልማዱ ነው። ካነበበ ደግሞ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የጻፍኩትን ነገር አነበበ ማለት ነው።